ስፓሙ ሳይሆን ማጣሪያው አስለቀሰኝ

ይህን ነገር ዛሬ ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዓይነ ስውር ነኝ። ኮምፒውተር የምጠቀመው በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። የኔው ኤንቪዲኤ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን የጀመሩት፣ በነፃ የሚገኝ። እድሜ ይስጣቸው።

የሚያይ ሰው ጠዋት የኢሜይል ኢንቦክሱን ሲከፍት ሃያ የማይረባ መልዕክት፣ ስፓም የሚሉት፣ ቢደረደርበት ዓይኑን ጣል አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ግን አንድ በአንድ እሰማዋለሁ። ላኪውን፣ ርዕሱን፣ ሰዓቱን። ርዕሱ ላይ አምስት የእሳት ኢሞጂ ከደረደሩበት "ፋየር፣ ፋየር፣ ፋየር" ይልብኛል። ስፓም ከሚያግደው ማጣሪያ ለማምለጥ ፊደሉን በሌላ ምልክት እየተኩ ሲጽፉ ደግሞ ምን እንደተባለ ሳይገባኝ መስመሩ ያልቃል። እና ጥሩ ማጣሪያ የሚያስፈልገኝ እኔን ነው፤ ከማንም በላይ።

ለዚህ ነው መሥሪያ ቤታችን አዲስ ማጣሪያ አስገባ ሲባል ደስ ያለኝ።

ማጣሪያው የጠረጠረውን ኢሜይል ሌላ ድረ ገጽ ላይ ያግተዋል። በየማለዳው የታገቱትን ዝርዝር ይልክልኛል። ዝርዝሩን ስከፍት የምሰማው ይህ ነው፦ "ቴብል። ግራፊክ። በተን። በተን። በተን።" የትኛው ቁልፍ መልቀቂያ፣ የትኛው መሰረዣ እንደሆነ አይናገርም። ሠሪዎቹ ስዕሉን ለጥፈዋል፤ ስም ግን አልሰጡትም። ለሚያይ ሰው አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ ነው አሉኝ። መምረጫዋ ሳጥን ደግሞ በማውስ ካልሆነ በኪቦርዱ ታብ ቁልፍ አትገኝም። ባላወቅኩት በተን ላይ እንተር ብዬ የሰው ደብዳቤ ላጥፋ?

ባለፈው ወር ለስልጠና ያመለከትኩበት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ኖሯል። ማክሰኞ ላኩ፣ ቀጠሮው ዓርብ ነበር። እኔ በሚቀጥለው ሰኞ ደውዬ "ምነው ዝም አላችሁኝ?" አልኩ። "እርስዎ ነዎት እንጂ ዝም ያሉን" አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ገጹን አየችልኝ። "ይኸው፣ ሦስተኛው ላይ አለ" አለች። ሦስተኛው ላይ! ስንት ቀን አልፌዋለሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችልኝ። የራሴን ደብዳቤ፣ በሰው አፍ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ።

አይቲ ክፍል ሄጄ ስነግራቸው "ችግር የለም፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ይይልሽ" አሉኝ። እንዴት ችግር የለም? እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሐኪም ቀጠሮዬ ሊኖር ይችላል። የባንክ ጉዳይ ሊኖር ይችላል። የግል ደብዳቤዬን በየቀኑ ለሰው እየገለጥኩ ልኑር?

ከዚህ የባሰም አለ። ላኪውን "ሰው መሆንህን አረጋግጥ" ብሎ የተጣመመ ፊደል በስዕል የሚልክ ማጣሪያ አለ። ጻፊው እንደኔ ዓይነ ስውር ከሆነ ኢሜይሉ እዚያው ይቀራል። የድምፅ አማራጭ ካለውም ጫጫታ ውስጥ የተቀበረ የእንግሊዝኛ ቁጥር ነው።

ነገሩ የማይቻል ሆኖ አይደለም። ቤት ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ስፓሙ እንደማንኛውም ፎልደር ከጎን ተቀምጧል፣ በቀስት ቁልፍ እገባለሁ። የጄ (J) ቁልፍን ስጫን መልዕክቱ ስፓም ይሆናል፤ በስህተት የገባውን በሺፍትና በጄ እመልሰዋለሁ፣ እሱም ከዚያ ይማራል። ጂሜይል ላይም የኪቦርድ አቋራጮቹን ከከፈትኩ ቃለ አጋኖ መጫን ይበቃል፤ ኤንቪዲኤን ወደ ፎከስ ሞድ፣ የምጫነውን ቁልፍ በቀጥታ ለገጹ ወደሚያሳልፍበት ሁኔታ፣ መቀየር ብቻ አለብኝ። ስፓም ውስጥ የገባው ከ30 ቀን በኋላ ስለሚጠፋ በሳምንት አንዴ እፈትሸዋለሁ። ምንም የተለየ ነገር አልጠየቅኩም። የታገደው ኢሜይል እዚሁ ፕሮግራሜ ውስጥ ይቀመጥ፣ በኪቦርድ ይከፈት፣ በተኑ ስም ይኑረው።

ሕጉም አለ እኮ! አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ያዛል። ኢሜይል የሥራ መሣሪያ ካልሆነ ምንድን ነው? ማጣሪያው ሲገዛ ግን እኔንም፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ዓይነ ስውር ጓደኛዬንም ለአሥር ደቂቃ ጠርቶ ያስሞከረን የለም።

ነገ ደብዳቤ ይዤ አይቲ ክፍል እመለሳለሁ። ማውሱን ነቅለው፣ ስክሪኑን አጥፍተው፣ ኤንቪዲኤ ከፍተው አንድ የታገተ ኢሜይል እንዲያስለቅቁልኝ እጠይቃቸዋለሁ። እስኪጨርሱ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።