ለባዳ ጨዋ፣ ለቤት ሰው ባለጌ አንሁን

ወገኖቼ፣ እስቲ ይህን አስቡት። ልጃችሁ ላይ እየጮኻችሁ ነው። መሃል ላይ ስልክ ይጠራል፤ አለቃችሁ ናቸው። ጉሮሯችሁን ጠረግ አድርጋችሁ «አቤት! እንደምን ዋሉ?» ትላላችሁ። ድምፃችሁ ይለሰልሳል፣ ፊታችሁ ይፈካል፣ ሳቅም አይጠፋም። ስልኩ ሲዘጋ ልጁ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም፤ እናንተም ጩኸቱን ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ታዲያ «ስናደድ ራሴን አላውቅም» የምትሉት ነገር የት ሄደ? ልጁ አይቷችኋል። መታገሥ እንደምትችሉ፣ ለእሱ ሲሆን ግን እንደማትፈልጉ ገብቶታል።

ለውጭ ሰው ጨዋ ነን። ቢሮ ውስጥ «ይቅርታ»፣ «እባክዎ»፣ «አመሰግናለሁ» ከአፋችን አይጠፋም። መንገድ ላይ የገፋንን ሰው «ምንም አይደል» ብለን እናልፋለን። ቤት ስንገባ ግን ብርጭቆ የሰበረ ልጅ እንደ ወንጀለኛ ይመረመራል። ባል ወይም ሚስት አንድ ነገር ደግመው ቢጠይቁ «ስንቴ ልናገር?» ነው መልሱ። ለምን? የቤት ሰው የትም አይሄድም ብለን ስለተማመንን ነው። አለቃ ያባርራል፣ ደንበኛ ይሸሻል፣ ባዳ ይታዘባል፤ እናት ግን ትችላለች፣ ልጅ ይረሳል እንላለን። በሚወዱን ሰዎች ትዕግሥት ላይ እንዲህ መጨከን ግፍ ነው።

«ቃል ምን ያደርጋል? ያልፋል» የሚል ካለ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እነ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር የ42 ጥንዶችን ጥናት አወጡ። ባልና ሚስቶቹ ክንዳቸው ላይ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ቁስሎች ተደረገላቸው። ከዚያ አንድ ጊዜ ስለ መደጋገፍ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለሚጨቃጨቁበት ጉዳይ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ከጭቅጭቁ በኋላ ቁስሉ ለመዳን ዘገየ። ንግግራቸው ቁጣና ንቀት በበዛበት ጥንዶች ዘንድማ ቁስሉ የሚድንበት ፍጥነት የሌሎቹን 60 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። እነዚህ ሰዎች የተጨቃጨቁት ለአጭር ጊዜ፣ ያውም ለጥናት መሆኑን እያወቁ ነው። በር ዘግተን ዓመት ሙሉ የምንወራወረውስ? እንደ ኮርቲሶል ያሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ዕረፍት ሲያጡ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት አቅም ይዛባል። «ራሴን፣ ጨጓራዬን» እያልን ሐኪም ቤት ስንመላለስ፣ ስለ ቤታችን ሰላም ለሐኪሙ አንዲት ቃል የተነፈስን ስንቶቻችን ነን?

ልጆች ላይ የሚቀረው ደግሞ ይከፋል። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀዋል፦ ተሰድባችኋል? ተደብድባችኋል? እናታችሁ ስትመታ አይታችኋል? ቤት ውስጥ ሰካራም ነበር? ከተጠየቁት ክፉ ነገሮች አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በመጠጥ ሱስ፣ በአደንዛዥ ዕፅ፣ በድባቴና ራስን ለማጥፋት በመሞከር የመጠቃት ዕድላቸው ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። የልብና የሳንባ ሕመም እንኳ በእነሱ ላይ በርትቷል። ክፉ ልጅነት ያሳለፈ ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ አንድ የሚያምነው፣ የሚሰማው ትልቅ ሰው ያገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ያ ትልቅ ሰው ግን ለምን ጎረቤት ወይም አስተማሪ ይሆናል፣ እናንተ እያላችሁ?

«እኔ እንኳ አልጮኽም፤ ዝም ነው የምለው» የምትሉም አላችሁ። የእናንተ ዝምታ ኩርፊያ ከሆነ ከጩኸቱ አትሻሉም። ባልና ሚስት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ መልእክተኛ ያደርጉታል፦ «አባትህን ቁልፉን የት አደረገው በለው»፤ «የተለመደው ቦታ ነው በላት»። ልጁ በሁለቱ መካከል ቆሞ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያያል፤ ቃላቱን ቢያደርስም ቁጣውን የት እንደሚያደርሰው አያውቅም። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶችን ከሕፃናቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ፊታቸውን ያለ ምንም ስሜት እንዲያደርጉ ጠየቁ። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ይጠቁማል፣ እጁን ይዘረጋል። ምላሽ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ ይጨነቃል፣ ያለቅሳል። አፍ ያልፈታ ሕፃን በደቂቃዎች እንዲህ ከሆነ፣ ሳምንት የሚዘልቅ ኩርፊያ ያለበት ቤት ውስጥ የሚያድገው ምን ይሆናል? ስለዚህ ያኮረፋችሁ ዛሬ ተናገሩ። ቅር ያላችሁን ነገር በቃል አውጡት፤ ሌላው ሰው እንዲገምት አታሠቃዩት።

ዘመድ ወዳጅም ከዚህ ተግሣጽ አታመልጡም። «የእነ እገሌን ልጅ አታይም?»፣ «እስካሁን ሥራ የለህም?»፣ «መቼ ነው የምትወልጂው?» እያላችሁ የሰው ቤት ውስጥ እሾህ ትታችሁ አትውጡ። መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ መርዳት ሌላ ነው።

ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንል የለ? ይህም በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ300,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ከሰው ጋር ያላቸው ትስስር የጠነከረ ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ይበልጥ ነበር። መድኃኒቱ በእጃችን ነው። ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ሳይሆን ሰዎቻችሁን ቀድማችሁ እዩ። ልጃችሁን ከበደላችሁ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» በሉት፤ ክብራችሁ አይቀንስም። ከወንድማችሁ ወይም ከእህታችሁ ጋር ከተዘጋጋችሁ ዓመታት ካለፉ፣ ማን ይቅደም እያላችሁ ቀን አትቁጠሩ፤ እናንተው ደውሉ።

ይህን ሁሉ ስል ግን የሚደበደብ ሰው ይታገሥ ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ3 ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወት ዘመኗ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አድራሹ ባሏ ወይም የፍቅር ጓደኛዋ ነው። እንዲህ ያለች እህት፣ ወይም ቤቱን የፈራ ልጅ ደጃችሁን ሲያንኳኩ «ቻዪው፣ ትዳር እንዲህ ነው»፣ «አባትህ አይደል?» ብላችሁ አትመልሷቸው። አስገቧቸው፤ ሳታቋርጡ ስሟቸው፤ ወደ ሐኪምም ወደ ሕግም ሲሄዱ አብራችኋቸው ሂዱ።