ለቆጠራ ሰው፣ ለምርጫ ባዳ

የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች አዲሱን የኮንግረስ ምርጫ ካርታ ስንሠራ ዘር አላየንም፣ ያየነው ፖለቲካ ብቻ ነው ይላሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዲሴምበር 2025 ካርታው ለ2026 ምርጫ ሥራ ላይ እንዲውል ፈቀደላቸው። እንዴት ደም አይፈላም?

ዘር አላየንም? የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በጁላይ 2025 የላከላቸው ደብዳቤ እኮ አለ! አራት የምርጫ ወረዳዎችን በቁጥር ጠርቶ፣ የመራጮቻቸውን ዘር አንስቶ፣ አስተካክሉ ይላል። የቴክሳስ ገዢ ግሬግ አቦትም የግዛቲቱን ምክር ቤት ለልዩ ስብሰባ ሲጠሩ ሰበብ ያደረጉት ሚኒስቴሩ ያነሳውን ስጋት ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ካርታው በዘር የተሠራ ነው ብለው የፈረዱት ዳኛ ጄፍሪ ብራውን ደግሞ ትራምፕ ራሳቸው የሾሟቸው ናቸው። ዓይን ያወጣ ውሸት ማለት ይሄ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የኮንግረስ መቀመጫ ለግዛቶች የሚደለደለው በሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ከ2020 ቆጠራ በኋላ የቴክሳስ መቀመጫ ከ36 ወደ 38 አደገ። በማን? በአሥር ዓመት ውስጥ ግዛቲቱ 4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ጨመረች። ከዚህ ጭማሪ 95 በመቶው ነጭ ያልሆነ ነው። ግማሽ ያህሉ ላቲኖ ነው። የእኛም ሰው አለበት። የቆጠራው ቅጽ ላይ «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ሥር በምሳሌነት ከተጻፉት መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚል አለ። ዳላስ አጠገብ ያለችው የጋርላንድ አበሻ እዚያ ላይ ምልክት አድርጎ ተቆጥሯል። መቀመጫው የመጣው በነዚህ ሰዎች ራስ ነው። ካርታው ሲሠራስ? የዳላሱ 32ኛ ወረዳ እስከ ምሥራቅ ቴክሳስ ገጠር ድረስ ተጎተተ፤ የከተማው ድምፅ እንዲዋጥ። ሂውስተን ላይ ጥቁሩ ዴሞክራት እንደራሴ አል ግሪን ሲወክሉት የቆየው 9ኛ ወረዳ ከሥሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተተከለ። ሲቆጠር ሰው የነበረ፣ ሲመርጥ ባዳ ሆነ።

ላቲኖው ብዙ ቢሆንም መራጭ አይደለም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከሕዝቡ 40 በመቶ ገደማ ሆኖ የመምረጥ መብት ካላቸው ዜጎች ግን ሲሶ ያህል ነው። ገና 18 ያልሞላው ልጅ ብዙ ነዋ! ያ ልጅ በአብዛኛው አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ዜጋ ነው። በየዓመቱ ለአቅመ ምርጫ ይደርሳል። በ2021 የሠሩትን የገዛ ካርታቸውን ቀጣዩን ቆጠራ ሳይጠብቁ ያስቀደዳቸው ይሄ ፍርሃት ነው። ሌላ ምክንያት አልቀበልም።

በ2024 ብዙ ላቲኖ ትራምፕን መርጧል ይሉናል። መርጧል፣ መብቱ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ይህ ካርታ የተሠራው ያኔ ድምፁ ምንም እንዳያመጣ ነው።