ይድረስ ለክቡር «ቀጣይ ክፍል»

ጉዳዩ፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሰጡት ፈጣን ፈውስ

ክቡር ሆይ፤

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማዎች ውስጥ ለረጅም ዘመን ያበረከቱትን የሕክምና አገልግሎት ሳላመሰግን ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ፕላኔቱ ከነወገኖቹ የነደደበት ሰው እጅዎ በገባ በሳምንቱ ልብሱን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ በመርከቧ ማዘዣ ክፍል ሲቀልድ እናገኘዋለን። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም «አለ» ለማለት እንኳ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ መቆየታቸውን ይጠብቃሉ፤ እርስዎ ግን ምርመራው ሳይጀመር በሽተኛውን አሰናብተዋል።

ከሥራዎችዎ ሁሉ የማይረሳኝ የማይልስ ኦብራየን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታየው የ«ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» አንድ ክፍል፣ በዚህ መሐንዲስ አእምሮ ውስጥ የሃያ ዓመት እስር ትዝታ በጥቂት ሰዓታት ይተከላል። ቤቱ ሲመለስ አልጋውን ትቶ ወለል ላይ ይተኛል። ምግብ ደብቆብኛል ብሎ የገደለው የእስር ጓደኛው ምግቡን ለሁለቱም ሲቆጥብ እንደነበር የተረዳው ከገደለው በኋላ ነበርና፣ ሟቹ በተተከለው ትዝታ ውስጥ ብቻ የኖረ ሰው ቢሆንም ጸጸቱ ራሱን እስከ ማጥፋት ጫፍ ያደርሰዋል፤ ሐኪም ወዳጁ በስንት ልመና ይመልሰዋል። ከዚያ እርስዎ ደረሱ፤ ሰውዬውም የተበላሸ ማሽን ሲጠግን ተገኘ።

ሥልጣንዎን የተዳፈሩ መኖራቸውን ሳይሰሙ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦርጎች የተባሉ ግማሽ ማሽን ጠላቶች ማርከው በገዛ ወገኖቹ ላይ ያዘመቱትን ካፒቴን ፒካርድን፣ የ«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» አዘጋጆች ለእርስዎ አሳልፈው ከመስጠት ይልቅ ፈረንሳይ ወደሚገኘው የወንድሙ የወይን እርሻ ሰደዱት፤ እዚያም ከወንድሙ ጋር ጭቃ ውስጥ ተደባድቦ «ላስቆማቸው አልቻልኩም» እያለ አለቀሰ። (በዚያ ክፍል አንድም የጠፈር ውጊያ የለም፤ ማንም ተመልካች ግን በመሰላቸት የሞተ አይመስለኝም።) እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ፣ በዚያው በ«ዲፕ ስፔስ ናይን»፣ ወጣቱ ኖግ በጦርነት ያጣው እግር በሰው ሠራሽ ቢተካለትም፣ ሐኪሞች ምክንያቱን ሊያገኙት ያልቻሉት ሕመም አልለቀቀውም። እ.ኤ.አ. በ2004ቱ «ባትልስታር ጋላክቲካ» ፕሬዝዳንቷ ከሰው ልጅ እልቂት የተረፉትን ቁጥር በሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ታርማለች።

ከሁሉ የሚያስጨንቅዎ የተራፊ ጸጸት መሆኑን እረዳለሁ። ጭራቅ ቢሆን በጨረር ይተኮስበታል፤ «እነሱ ሞተው እኔ ለምን ተረፍኩ?» የሚለው ጥያቄ ግን የሚመታበት አካል የለውም። ስለዚህ አንድ ባልደረባ ትከሻ መትቶ «ጥፋቱ የአንተ አይደለም» እንዲል ያዙና ፋይሉን ይዘጋሉ፤ ታሪኩ ሲደርቅብዎ ብቻ ሟቿን ሚስት በደበዘዘ ብርሃን ለሦስት ሰከንድ ፈገግ አሰኝተው ይመልሷታል። ሐዘን እንዲህ በቀጠሮ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው በተገላገለ!

ልመናዬ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡ ካፒቴኑን መርከብ መንዳት አይከልክሉት፤ ጠላትንም ያሸንፍ። ግን ማንቂያው ሲጮኽ ከሌሎቹ አንድ አፍታ ዘግይቶ ይነሳ፤ ለምን እንደዘገየም ማንም አያብራራልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተመልካች

ግልባጭ፦
ለ«ያለፈው ክፍል»፤ የሚያስታውሰው ከተገኘ