መጠኑ ሳይጠቀስ መታለፍ አልነበረበትም

ያነበብኩት ጽሑፍ በአኩሪ አተር ውስጥ የሚገኘው ጄኒስቲን የተባለ ውህድ የጡት ካንሰር ሕዋሳትን እንደሚገድል ሲገልጽ መጠኑን ሳይጠቅስ ማለፉ በእጅጉ አሳስቦኛል። ኤምሲኤፍ-7 በተባሉት፣ የኢስትሮጅን (የሴቶች ሆርሞን) ተቀባይ ባላቸው የቤተ ሙከራ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ጄኒስቲን በ1 ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ የውህድ ክምችት መለኪያ) አካባቢ እድገትን ሲያነሣሣ፣ ከ10 ማይክሮሞላር በላይ ሲሆን ግን እድገትን እንደሚገታ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ከምግብ ብቻ ወደ ደም የሚገባው ነጻ (ከሌላ ውህድ ጋር ያልተጣመረ) ጄኒስቲን ደግሞ እዚህ ከፍተኛ መጠን ላይ አይደርስም። እርግጥ ነው፣ ይህ አኩሪ አተርን ከገበታችን የሚያስወግድ ምክንያት አይደለም፤ በሻንጋይ ከ5,000 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶችን ተከታትሎ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ አኩሪ አተርን በብዛት በሚመገቡት ዘንድ የበሽታው ማገርሸትም ሆነ ሞት ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ በእንክብል የሚሸጠው የተጠናከረ ጄኒስቲን ነው፤ በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ታሞክሲፈን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ዕጢን የመግታት ኃይል አዳክሞ ስለታየ፣ ይህን መድኃኒት የሚወስዱ እህቶቻችን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩት አደራ እላለሁ።