18ኛው ሳጥን አፍጋኒስታን ነበር ይላል፣ 13ኛው ሳጥን አላየሁትም ይላል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው። ሥራ ያለበት ሰው ይለፈኝ። የአሜሪካ ሚሊተሪ ውስጥ ያገለገለ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ እህት ያላችሁ ግን ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ነገሩ የእናንተም ነው።

ዲዲ 214 የምትባል ወረቀት አለች። ወታደር ሲሰናበት የሚሰጡት ናት። መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ምን ሠራ፣ የት ዘመተ፣ በምን ሁኔታ ተሰናበተ፣ ምን ተሸለመ፣ ሁሉም ቁጥር በተሰጣቸው ሳጥኖች ውስጥ ተሞልቶ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ቪኤ (የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሂድ፣ የቤት ብድር ጠይቅ፣ ፌዴራል ሥራ አመልክት፣ ሞተህ እንኳ በወታደር መቃብር ልትቀበር ፈልግ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሷ ናት። ያገለገለው ሰውዬው ሳይሆን ወረቀቷ ናት ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

አሁን የባለቤቴን ወረቀት ልንገራችሁ። 18ኛው ሳጥን ላይ በአፍጋኒስታን እንዳገለገለ ከነቀኑ ተጽፏል፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብሎ። 12ኛው ሳጥን ላይ ውጭ አገር ያገለገለባቸው 9 ወራት ተቆጥረው ተቀምጠዋል። ሜዳሊያዎች የሚዘረዘሩበት 13ኛው ሳጥን ላይ ስትደርሱ ግን የአፍጋኒስታን ዘመቻ ሜዳሊያ የለም! ይህን ሜዳሊያ ለማግኘት ደግሞ ተራራ መናድ አያስፈልግም ነበር። እዚያ አገር 30 ተከታታይ ቀን በግዳጅ መቆየት በቂ ነበር። አንድ ወረቀት፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ፊርማ፤ ታች ያለው ሳጥን ሰውዬው 9 ወር እዚያ ነበር ሲል ላይ ያለው አላየሁትም ይላል። የሞላው ሰው ዓይኑን ወደ ታች ጣል አላደረገም? ያጸደቀውስ?

በዚህም አላበቃም። ኮምባት አክሽን ባጅም የለም። ይህ በ2005 የተፈቀደ ባጅ ነው፤ እግረኛ ያልሆኑ ወታደሮች ከጠላት ጋር ሲገጥሙ ወይም ጠላት ሲያጠቃቸው በቦታው ለነበሩት የሚሰጥ። ባለቤቴ ሎጂስቲክስ ነው፣ ኮንቮይ ላይ ነበር፣ የተቀበረ ፈንጂ ፈንድቶ ተኩስ ተከፍቶባቸዋል። አብረውት የነበሩት ልጆች ባጁን አግኝተዋል። ፎቶ አለኝ፣ ሁሉም ተሰልፈው ደረታቸው ላይ ሲደረግላቸው። እሱም መሀላቸው ቆሟል፣ ለሱም ተደርጎለታል! ወረቀቱ ላይ ግን የለም። እዚያ ሰልፍ ላይ የቆመው መንፈሱ ነው መሰለኝ።

እንዴት ጠፋ? እዚህ ጋ ነው ሐበሻ የሆነ ሁሉ ጆሮውን ማቆም ያለበት። የባለቤቴ የአባቱ ስም "ገብረ" ብሎ የሚጀምር ነው። በዲቪ ሲመጣ ፓስፖርቱ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ተጻፈ። ግሪን ካርዱ ላይ "ገብረ" የመካከለኛ ስም ሆነ፣ የቀረው ቁራጭ የቤተሰብ ስም ሆነ። በ2011 ሲቀጠር በዚያው ገባ። ከመሠረታዊ ሥልጠናው ጋር ዜግነቱን ሰጡት (ጦሩ ከ2009 ጀምሮ ሥልጠና ላይ እያሉ ዜግነት የሚሰጥበት አሠራር ነበረው) ያኔ ስሙን እንደ አገሩ አንድ ላይ አስገጠመው። በጣም ጥሩ። ከዚያ ግን ደሞዙ በአንዱ ስም፣ ፋይሉ በሌላው ስም፣ የሽልማት ትእዛዙ በሦስተኛ አጻጻፍ መውጣት ጀመረ። የባጁ ትእዛዝ ላይ ያለው ስም ከፋይሉ ጋር በሁለት ፊደል ይለያያል። ስለዚህ ወደ ፋይሉ አልገባም። የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ምናልባት አንድ የማያውቀው ጆንሰን በባለቤቴ ባጅ ተከብሮ እየኖረ ይሆናል።

ደግሞ እኮ ማስተካከል አይችሉም እንዳንል ዜግነቱን እንዴት እንዳቀላጠፉት አይተናል! አሻራው፣ ቃለ መጠይቁ፣ መሐላው፣ ሁሉም በሥልጠና ወራት አለቀ። ሲፈልጉ ይችሉበታል።

"ሲፈርም ለምን አላነበበውም?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የሚሰናበት ወታደር የመጨረሻ ሳምንቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃ መልስ፣ ክሊኒክ ሂድ፣ ይህን አስፈርም፣ ያንን አስፈርም፣ መኖሪያህን አስረክብ። መጨረሻ ላይ ኤስ ዋን የሚሏቸው ጸሐፊዎች ፊት ትቀመጣለህ። ጸሐፊው ለባለቤቴ ያለው "የጎደለ ነገር ካለ በኋላ በ215 (በማረሚያ ቅጹ) ይስተካከላል፣ አሁን ፈርም፣ አለበለዚያ የመሰናበቻ ቀንህ ይገፋል" ነው። በር ላይ ልጅ ይዤ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ማን አይፈርምም? ያ በኋላ የተባለው ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። የጦር ሰፈሩን ስም አልጠራም፣ ጸሐፊውም ምናልባት የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ ግን ያንን ቃል ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። እርማት ስንጠይቅ የመጣልን መልስ በአጭሩ "ሽልማቱ የተሰጠበትን ትእዛዝ ቅጂ አቅርቡ" የሚል ነው። ትእዛዙን የጻፈው ማን ነው? እነሱ። ያስቀመጠው ማን ነው? እነሱ። የጠፋው ማን እጅ ላይ ነው? እነሱ እጅ ላይ። አምጣ የሚባለው ማን ነው? ባለቤቴ! የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተሩን ጥሎ ሲያበቃ አባሉን "መክፈልህን በደረሰኝ አስረዳ" እንደማለት ነው። የዘመቻ ሜዳሊያው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም ማስረጃው ራሱ ወረቀቱ ላይ አለ። 18ኛውን ሳጥን በቢጫ ማርከር አቅልሜ ላኩት። የመጣው መልስ ስለ ባጁ ብቻ ነበር፤ ስለ ሜዳሊያው አንድ ቃል የለም።

እስቲ ደግሞ ትንሽ ፍትሐዊ ልሁን። ወረቀት የሚጠፋው በስንፍና ብቻ አይደለም። ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ያለው የወታደሮች ፋይል ማከማቻ ሐምሌ 1973 (በፈረንጅ) ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ወድሟል። ከ1912 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ውስጥ ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ሰዎች ፋይል ወደ 80 በመቶው አመድ ሆኗል። አስቡት፣ ኮርያ ላይ ከቃኘው ሻለቃ ጎን የተዋጉት የሰባተኛው ክፍለ ጦር አሜሪካውያን አብዛኛዎቹ ፋይላቸው እዚያ ውስጥ ነበር። ለነሱ "ተቃጥሏል" ማለት እውነት ነው፣ ይገባኛል። በዚህ ዘመንስ? በ2012 ጋዜጠኞች መርምረው እንዳወጡት ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱ በርካታ ክፍሎች የሜዳ መዝገባቸው የለም። አንዳንዶቹ ወደ አገር ከመመለሳቸው በፊት ለምስጢር ጥበቃ ብለው የኮምፒውተሩን ሐርድ ድራይቭ ጠርገውታል። የድሮዎቹን እሳት በላባቸው፣ የኛዎቹን በአንድ በተን አጠፉት።

አሁን "ሜዳሊያ ምን ያደርግላችኋል? ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ነው?" ለምትሉኝ ዘመዶቼ። አዎ፣ ዕድር ላይ አንዱ ፊቴ ላይ ጠይቆኛል። ስሙኝ። ከ2001 መስከረም 11 እስከ 2010 ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ ከ180 ተከታታይ ቀን በላይ ያገለገለ ወታደር ፌዴራል ሥራ ሲያመለክት በዚያ ብቻ የ5 ነጥብ ቅድሚያ ያገኛል። ባለቤቴ የገባው በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ለገባ፣ የአካል ጉዳት ውሳኔ ለሌለው ሰው፣ ቅድሚያውን የሚያስገኝለት የዘመቻ ሜዳሊያ ነው። ወረቀቱ ላይ ከሌለ ቅድሚያ የለም፤ አፍጋኒስታን ዘምቶ አፍጋኒስታን ካልዘመተው ጋር እኩል ይሰለፋል። ይህን የነገረን አንድ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ማመልከቻውን ከመለሰ በኋላ ነው፣ ያውም በሁለት መስመር ኢሜይል።

ባጁ ደግሞ ለቪኤ ይጠቅማል። ሌሊት ሌሊት ለሚነሣ ሰው፣ ርችት ሲተኮስ ከመኪና ለማይወርድ ሰው፣ ባጁ ካለ ውጊያ ላይ መሆንህን የሚከራከርህ የለም። ከሌለ ግን ቁጭ ብለህ ያንን ቀን ከመጀመሪያው ጀምረህ ለማታውቀው ሰው ታስረዳለህ። ባለቤቴ ለኔ እንኳ ያላወራውን!

ስለዚህ ጉዳዩ ማብረቅረቅ አይደለም።

የመንገዱን ውጣ ውረድ በትንሹ ልንገራችሁ፣ የሚገባበት ካለ ይጠቅመዋል። 214 ራሱ ብዙውን ጊዜ ተቀዶ በአዲስ አይጻፍም። የጎደለው በ215 ይታከልና ሁለቱን አብረህ ይዘህ ትዞራለህ። መጀመሪያ በአስተዳደር በኩል ትጠይቃለህ፤ መዝገቡ ውስጥ ማስረጃው ካለ በዚያው ያልቃል መባል ነው። ካላለቀ ዲዲ 149 ሞልተህ መዝገብ አራሚ ቦርድ ለሚሉት ታቀርባለህ። ታሪኩን ሳነብ ምን አገኘሁ፣ ከ1946 በፊት እንዲህ ያለውን ስሕተት ኮንግረስ ነበር ለአንድ ሰው አንድ ሕግ እያወጣ የሚያርመው። ሰልችቷቸው ለቦርድ ሰጡት። ቦርዱ ዘንድ ደግሞ ስሕተቱን ባወቅህ በ3 ዓመት ውስጥ አመልክት ይላል ሕጉ፤ ካለፈ "ለፍትሕ ሲባል" ሊያልፉት ይችላሉ፣ ግን ለምን እንደዘገየህ መጻፍ አለብህ። እነሱስ? ሕጉ ከመቶ 90ውን በ10 ወር፣ ሁሉንም በ18 ወር ወስኑ ይላቸዋል። እኔ ለ3 ዓመቱ ምክንያት እጽፋለሁ፣ እነሱ 18 ወሩን ቢያሳልፉ ግን ማን ምክንያት ይጽፍልኛል?

እኔ ደግሞ ሚስት ነኝ እንጂ ባለመዝገቡ አይደለሁም። ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ እሱ ካልፈረመ አንድ ወረቀት አይወጣልኝም። ኮንግረስማናችን ቢሮ ሄድኩ፣ ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት፣ እሷም "እሱ ይፈርም" አለችኝ። ሕጉ ትክክል ነው፣ የግል መረጃ ነው፣ አልከራከርም። የኔ ችግር እሱ ነው። ፎርሙን ፊቱ ሳስቀምጥለት "ተይው እባክሽ፣ ከሞቱት ልጆች እኔ እሻላለሁ፣ ሜዳሊያ ለምኜ አላመጣም" ይለኛል። እንዲህ ሲለኝ ምን ልበለው? ለምኖ አይደለም እኮ! የተሰጠውን ነው ጻፉልኝ የሚለው። ግን መንግሥት አምጣ፣ አስረዳ፣ አስመስክር ሲለው ልመና ያስመስልበታል፤ ያ ነው ውስጤን የሚያቃጥለው። ሰዉ የሚተወው መብት እንደሌለው ስለሚያምን አይደለም፣ ክብሩን ስለሚነኩበት ነው። የኛ ወንዶች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ።

በመሀል ኢንተርኔት ላይ "ሰርቪስ ሪከርድህን በ24 ሰዓት እናወጣለን" እያሉ ብር የሚጠይቁ አሉ። ልብ በሉ፦ አርበኛው ራሱ የራሱን 214 ሲጠይቅ በነፃ ነው። ኤስኤፍ 180 የሚባል ፎርም አለ፣ በኦንላይንም ይጠየቃል። አሜሪካን ሊጅንና ዲኤቪ የመሳሰሉት ማኅበራት የሚያግዙ ሰዎች አሏቸው፣ አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም። እኔን ቪዬትናም የዘመቱ አንድ ሽማግሌ ናቸው ፎርሙን ቁጭ ብለው ያስሞሉኝ። የደሞዝ ወረቀቱን ፈልጊ ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ የአደጋ ቀጣና ክፍያ የሚታይበት የደሞዝ ወረቀት እዚያ ለመኖሩ ጥሩ ማስረጃ ነው አሉኝ። ኮንቮዩ ላይ አብረውት ከነበሩት ሁለቱ የፊርማ ቃላቸውን እንዲሰጡም ነገሩኝ። አንደኛው ቴክሳስ ነው፣ ደወልኩለት፣ ሳልጨርስ "ዛሬውኑ እጽፋለሁ" አለኝ፣ ጻፈም። ኖተሪ አስደርጎ፣ በራሱ ገንዘብ በፖስታ ላከው። ይኸው አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት የሠራውን ስንት ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት አቅቶታል።

ሚሊተሪ ውስጥ አሁን ያላችሁ ልጆች፣ የሽልማት ትእዛዝ በወጣ ቁጥር ቅጂውን ስልካችሁ ላይ ሳይሆን ለእናታችሁ ወይም ለሚስታችሁ ኢሜይል ላኩ። ስማችሁ "ወልደ"፣ "ገብረ"፣ "ኃይለ" ብሎ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁ ጋር አስተያዩ። ስትሰናበቱ "በኋላ ይስተካከላል" የሚላችሁን ጸሐፊ "እሺ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ" በሉት፣ ቀናችሁ ቢገፋም ይገፋ።

ባለቤቴ 149ኙን ባለፈው እሑድ ፈርሟል። ለምን እንደፈረመ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት ነበርኩ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ለናንተ ነው፦ ፌዴራል ኤችአር የምትሠሩ ሐበሾች እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። 215ቱ ቢመጣልን ማመልከቻው ላይ ከ214ቱ ጋር በአንድ ፋይል አድርጌ ነው የማያይዘው ወይስ ለየብቻ? አንዱ ለየብቻ ያያያዘ ሰው ሁለተኛውን ማንም እንዳልከፈተለት ሰምቻለሁ። የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። "ሜዳሊያ ምን ያደርጋል" የምትሉ ግን አትድከሙ፣ ብሎክ ነው።