ልብ ወደ ግራ የሄደው በማን ትእዛዝ ነው? ዶሮዋም ትጠየቅ

«ልቡ በቀኝ በኩል የሆነ ሰው ተገኘ» የሚል ርዕስ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየጊዜው ብቅ ይላል። ከሥሩ የሚጻፈውም ያው ነው። ግማሹ «ተአምር» ይላል፤ ግማሹ «ምስኪን!» ይላል። እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ልብ፣ ጉበት፣ ጨጓራና ጣፊያ ሁሉም አንድ ላይ ቀኝና ግራ ከተቀያየሩ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ያረጃል። ከ10 ሺህ ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል ተብሎ ይገመታል። ብዙዎቹም የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሡ ነው። የሚያስፈራው ከፊሉ ተገልብጦ ከፊሉ ሳይገለበጥ ሲቀር ነው። ያኔ የልብ ክፍሎችና የደም ሥሮች መገናኛቸው ይዛባል፤ ሕፃኑም ብዙ ጊዜ ከባድ የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ይልቅ የሚገርሙኝ ልባቸው በግራ የሆነው ናቸው፤ ማለትም ሁላችንም ማለት ይቻላል። ፅንስ ሲጀምር ቀኝና ግራው አንድ ዓይነት ነው። ራስና እግር፣ ጀርባና ሆድ ቀድመው ይለያሉ። ቀኝና ግራ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሰው ላይ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ እናትየዋ ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ። ታዲያ ያ ፅንስ ግራው የቱ እንደሆነ በምን አወቀ?

ፍንጩ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የዙሪኩ ሐኪም ማኔስ ካርታጌነር አንድ ነገር ልብ አለ። አንዳንድ ሕሙማን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና ሳይነስ አለባቸው፤ የውስጥ አካላቸውም የተገለበጠ ነው። ሳይነስና ልብ ምን አገናኛቸው? መልሱ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1976 ስዊድናዊው ቢዮርን አፍዜሊየስ መውለድ ያልቻሉ ወንዶችን ዘር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ጭራው አይንቀሳቀስም። ዳይኒን የሚባለው ሞተር ፕሮቲን ጎድሎታል። ከሳንባ አክታን ጠርገው የሚያወጡት ሲሊያ የተባሉ ደቃቅ ፀጉር መሰል ነገሮችም የሚሠሩት በዚሁ ሞተር ነው። ስለዚህ ሳሉም፣ ሳይነሱም፣ መካንነቱም ምክንያት ተገኘላቸው።

ግን ሲሊያቸው እንዲህ ከማይሠራ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቀኝ ነው። ግማሹ ብቻ! ለእኔ ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። «ወደ ግራ ሂድ» የሚለው ትእዛዝ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በቀኝ በሆነ ነበር። አፍዜሊየስ ደፈር ብሎ የሚከተለውን ሐሳብ አቀረበ። ፅንሱ ላይ ያሉ ሲሊያ ሲንቀሳቀሱ አቅጣጫውን ይወስናሉ፤ ካልተንቀሳቀሱ ግን የሚወስን የለም፤ ነገሩ ዘውድ ወይስ ጎፈር ይሆናል።

ማረጋገጫው የመጣው ከጃፓን ነው። በ1998 የኖቡታካ ሂሮካዋ ቡድን የአይጥ ፅንስ ላይ ኖድ በምትባል ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ሲሊያ እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ሲገፉት አየ። ሲሊያዎቹ ወደ ኋላ ዘመም ብለው ስለቆሙ ዙራቸው በአንድ ወገን ከፍ ይላል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ወለሉ ይይዘዋል። ስለዚህ ፈሳሹ በቦታው አይዞርም፤ ወደ አንድ ጎን ይፈስሳል። ያ ፍሰት በግራ በኩል ኖዳል የሚባለውን ጂን ያስነሣል፤ ቀሪውን ሥራ ሌሎች ጂኖች ይቀጥላሉ። በ2002 ደግሞ እነ ሺገኖሪ ኖናካና ሂሮሺ ሃማዳ የአይጥ ፅንስ ላይ ፈሳሹን በሰው ሠራሽ መንገድ ወደ ቀኝ አፈሰሱት። ቀኝና ግራቸው ተገለበጠ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በኋላም ሁለት የሚሽከረከሩ ሲሊያ ብቻ እንደሚበቁ ታየ።

ታሪኩ ያምራል። ቅሬታዬም እዚህ ይጀምራል። በየቪዲዮውና በየመማሪያው «የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት» ተብሎ ይዘጋል። ዶሮዋ ግን አልተስማማችም። የዶሮ ፅንስ ላይ እንዲህ ያለ የሲሊያ ፍሰት የለም። በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በዶሮ ወደ ግራ የሚጓዙት ሴሎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ተጉዘውም ጂኖቹን በአንድ ወገን ያሰባስባሉ። አሳማም ኖዱ ላይ የሚንቀሳቀስ ሲሊያ አልተገኘበትም። እንደ አይጥና እንደ እኛ አጥቢ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ኖዳል በግራ ብቻ እንደሚሠራ በ1995 ካሳዩት አንዷ ይህችው ዶሮ መሆኗ ነው። ጂኑን ሰጠችን፤ ፍሰቱን ግን የላትም። መጨረሻው አንድ ሲሆን መነሻው የተለያየ ነው። ይህን ከትረካው መቁረጥ ማቅለል አይመስለኝም፤ ማሳሳት ነው። ተማሪው «አንዱ ነገር በሁለት መንገድ እንዴት ይገኛል?» ብሎ እንዳይጠይቅ ይዘጋበታል። ያ ጥያቄ ደግሞ ዛሬም ተመራማሪዎችን እያሟገተ ነው።

ሰውስ? ወደ አይጡ የምናጋድል ይመስለኛል። ሲሊያቸው የማይሠራ ሕሙማን ግማሽ በግማሽ መሆናቸው ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይከብዳል።

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። እንደ እኛ ቲቢ በበዛበት አገር የማይለቅ ሳል መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ቲቢን ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከተወለደ ጀምሮ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ዓመት ሙሉ አክታ ያለው ሳል የሚስል ልጅ ልቡ በቀኝ ከታየ፣ ሲሊያውን መጠርጠር ያስፈልጋል። ልቡ በግራ ቢሆንም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ግማሾቹ እንዲያ ናቸውና። ለዚህ ሁሉ ግን ራጁ ላይ የቀኝና የግራ ምልክት በትክክል መለጠፍ አለበት። ከሌለ፣ የሚያነበው ባለሙያ ፊልሙ የተገለበጠ መስሎት ያዞረዋል፤ ልብም በግራዋ ቁጭ ትላለች።