ማስተካከያ፦ ስለ ሁለት የገና ዘፈኖች ቅጂዎች

ስለ ተወዳጅ የገና ዘፈኖች ቀደም ሲል በቀረበው ዝርዝር፣ ዛሬ በብዛት የሚደመጠው የናት ኪንግ ኮል «ዘ ክሪስማስ ሶንግ» በ1946 የተቀረጸው እንደሆነ ተገልጾ ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትክክለኛው ግን የ1961ዱ ነው። ድምፃዊው ዘፈኑን በ1946 ሁለት ጊዜ፣ በመጀመሪያ በፒያኖ፣ በጊታርና በባስ ብቻ፣ ቀጥሎም አነስተኛ የባለ አውታር መሣሪያዎች ቡድን ታክሎበት ቀርጾታል፤ በ1953 በኔልሰን ሪድል፣ በ1961 ደግሞ በራልፍ ካርማይክል መሪነት ከኦርኬስትራ ጋር ደግሞታል። በስቴሪዮ (ድምፅን በሁለት መስመር በሚያሰማ አቀራረጽ) የተቀረጸውና በየበዓሉ የሚሰማው ይህ የመጨረሻው ነው። የኦርኬስትራው ምላት ቢማርክም፣ የድምፁን ለስላሳነት ከሁሉ አቅርቦ የሚያሰማው፣ በእኔ እምነት፣ በሦስቱ መሣሪያዎች ብቻ የተሠራው የመጀመሪያው ቅጂ ስለሆነ ሊዘነጋ አይገባውም።

የቢንግ ክሮዝቢ «ዋይት ክሪስማስ»ም እንዲሁ በ1942 ቢቀረጽም፣ ዋናው ቅጂ በተደጋጋሚ ከመባዛቱ የተነሳ ስለተጎዳ በ1947 እንደገና ተቀርጿል፤ በብዛት የተሰራጨውም ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ይዘው የሚፈልጉ አንባቢዎች ከዘፈኑ ርዕስ ጋር የቀረጻውን ዓመት እንዲያመሳክሩ እናሳስባለን።